የፕሮስቴት ጨረር ሕክምና፦ ከመቀሌ ሳትነሱ ሊነገራችሁ የሚገባው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። በተለይ መቀሌ ያላችሁ፣ ወይም አባታችሁ መቀሌ ሆነው እናንተ አዲስ አበባ የምትኖሩ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ጨረር በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ አይደለም፤ ልጁ ወይም ልጅቷ ናት። ጥያቄውም ተቀራራቢ ነው፦ «ዶክተር፣ አባቴ ጨረር ጀምረው ነበር። መጀመሪያ ምንም አልሆኑም፤ አሁን ግን ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል፣ ሆዳቸውም አልቆም ብሏቸዋል። ጨረሩ ጎዳቸው እንዴ? እናስቁመው?»

አታስቁሙት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ለፕሮስቴት በሚሰጥ ጨረር የሚመጣው የአጭር ጊዜ የጎንዮሽ ጉዳት በአብዛኛው የታወቀ ነው። የሚጀምርበት ሳምንት እንኳን አስቀድሞ ይገመታል፣ በቀላል መድኃኒት ይረግባል፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ሰውን ከሕክምና የሚያስወጣው ሳይነገረው ድንገት መምጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላም ብዙም የማይወራ ነገር አለ፦ ሕመሙ በጣም የሚበረታው ታማሚው ሻንጣውን ጠቅልሎ ወደ መቀሌ በሚመለስበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ጨረሩን የሰጠው ሆስፒታል ብቻ አይደለም። የመቀሌ ክሊኒክም፣ የመቀሌ ፋርማሲም፣ የመቀሌ ቤተሰብም ይመለከተዋል።

መቀሌን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኮባልት-60 ማሽን አገሩን ሁሉ ሲያስተናግድ ኖረ። በኋላ ጤና ሚኒስቴር ሊኒያር አክስለሬተር (በአጭሩ ሊናክ) የሚባለውን ዘመናዊ ማሽን ወደ ክልል ለማድረስ ሲያቅድ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ ጎንደርና መቀሌ ተያዙ። ጅማ ሥራ ጀመረች። መቀሌ ላይ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ስለ ጨረር ማሽን ማሰብ ቅንጦት ሆነ፤ መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ የአይደር ሐኪሞች የካንሰር መድኃኒት አልቆብናል እያሉ በአደባባይ ሲናገሩ ነበር። በረራው የተመለሰው ታህሳስ 19 ቀን 2015 ነው። በዚያ መሀል ስንት አባት ሽንት ሲያስቸግረው «ይሄ የእርጅና ነው» ብሎ ዝም እንዳለ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ለጨረር ከመቀሌ አዲስ አበባ ማለት በመኪና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ሕክምናው ደግሞ አንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለአራት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። በየቀኑ ማሽኑ ላይ የሚተኛው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ጨረሩ አይታይም፣ በሰዓቱም አያምም። ቀሪውን ቀን ዘመድ ቤት ወይም የኪራይ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማሳለፍ ነው።

አሁን ወደ ሰውነት እንግባ። ፕሮስቴት ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ዕጢ ነው፤ ችግሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከላዩ የሽንት ፊኛ አለ፣ ከኋላው የትልቁ አንጀት መጨረሻ (ፊንጢጣ) ተጠግቶታል፣ የሽንት ቧንቧው ደግሞ መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ያልፋል። ጨረሩ ፕሮስቴቱን ሲመታ ጎረቤት ትንሽ መነካቱ አይቀርም። የፊኛውና የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ቶሎ ቶሎ ራሱን የሚያድስ ሕዋስ ስለሆነ ጨረር ሲያርፍበት ይቆጣል፣ ይላጣል። ጨጓራ ሲላጥ እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። ቶሎ የሚያድስ መሆኑ ግን በጎ ጎንም አለው፤ ጨረሩ ሲቆም ቶሎ ይጠገጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ታማሚው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። «ይሄ ነው እንዴ ጨረር?» ብሎ ይስቃል፤ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ግን ድካም ይመጣል። እንቅልፍ የማያጠግበው ዓይነት ድካም ነው። ከዚያ ሽንት መመላለስ ይጀምራል፤ በተለይ ሌሊት ሦስቴ አራቴ መነሳት፣ ሲመጣ አለመታገስ፣ ሲወጣ ማቃጠል፣ ፍሰቱ መቅጠን፣ አንዳንዴም ትንሽ ደም። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ሆድ ይከተላል፦ ሰገራ ይቀጥናል፣ ይመላለሳል፣ ንፍጥ መሰል ነገር ይቀላቀላል፣ ተቀምጠው ምንም ሳይወጣ ማማጥ ይመጣል። የቆየ ኪንታሮት ያለበት ሰው ኪንታሮቱ ይነሳበታል። ይሄ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትና ካለቀ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ጫፉን ይነካል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ድካሙ ትንሽ ይዘገያል፤ እሱም ይለቃል።

ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል ወይ? አይመጣም። በእንግሊዝ አገር 3,216 ወንዶችን የያዘና ውጤቱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በ37 ቀን የሚሰጠውን ጨረር በ20ና በ19 ቀን ከሚሰጠው ጋር አወዳደረ። የሽንት ችግሩ መድኃኒት እስከሚያስፈልግ ድረስ የበረታባቸው በሁሉም ቡድን ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። የሆድ ችግሩ ደግሞ በረጅሙ ሕክምና ከአራት ሰው በአንዱ፣ በአጭሩ ሕክምና 38 በመቶ በሚሆኑት ላይ በርትቶ ታይቷል፤ በአጭሩ ሕክምና ቀድሞም ጫፉን ነካ። ሕክምናው ከተጀመረ በ18ኛው ሳምንት ግን በቡድኖቹ መካከል የሚነገር ልዩነት አልቀረም። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለማይመጣውም ልናገር፤ ከሚመጣው እኩል የሚያስፈራው እሱ ነውና። ጎረቤት ያለች የጡት ካንሰር ታማሚ ቆዳዋ ጠቁሮ ተልጦ አይተው፣ ወይም የጉሮሮ ታማሚ ምራቅ መዋጥ ሲያቅተው አይተው «ጨረር ያቃጥላል» የሚሉ አባቶች አሉ። ጨረር የሚጎዳው የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ፕሮስቴት ጥልቅ ቦታ ስላለ ቆዳ ላይ ቢበዛ ቀላል መቅላት ቢታይ ነው። የራስ ፀጉር አይረግፍም። ማስታወክም ብዙም የለም። ደግሞ በማሽን ከውጭ የተሰጠ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ፣ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ይችላሉ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የልጅ ልጃቸውን ሳይነኩ ወር ሙሉ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ አባቶች አሉ፤ ይሄ እኮ ከሽንት ማቃጠሉ በላይ ይጎዳል።

የወሲብ ነገርም ይጠየቃል፤ በልጆች በኩል ሳይሆን በዞር ያለ መንገድ። በጨረሩ ሳምንታት የዘር ፈሳሽ ሊቀንስ፣ ሲወጣም ሊያም ይችላል። ፍላጎት መጥፋቱና ትኩስ ወበቅ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ ከሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ወይም የዘር ፍሬን ከማውጣት ቀዶ ሕክምና የሚመጣ እንጂ የጨረሩ ሥራ አይደለም። ሐኪሙን ለብቻ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ስጧቸው። ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ይሄን የሚጠይቅ አባት ትግራይ ውስጥም፣ ሌላም ቦታ አላየሁም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ሐፍረት።

አንድ የ70 ዓመት አባት አስቡ። መቀሌ ቤታቸው ሲገቡ ሁሉም የሚነሳላቸው፣ «አቦይ» ተብለው የሚከበሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት አርፈዋል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መጸዳጃው አንድ ነው፣ ከሳሎኑ ጋር የሚለየው አንድ ስስ በር ነው። ምራታቸው ምግብ ታቀርባለች። በሦስተኛው ሳምንት ሆዳቸው መመላለስ ይጀምራል። ምን ያደርጋሉ? ለማንም አይናገሩም። ምግብ ይቀንሳሉ። ውኃ ይቀንሳሉ፤ ካልጠጣሁ አልመላለስም ብለው።

ውኃ ሲቀንሱ ሽንታቸው ይወፍርና የተላጠውን ፊኛ የባሰ ያቃጥለዋል። ይሄ አንድ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ጨረሩ የሚሰጠው ፊኛ ሞልቶ፣ ፊንጢጣ ባዶ ሆኖ ነው። የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያስወጣል፤ የፊኛውንም አብዛኛውን ክፍል ያርቀዋል። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ጠብቁ የሚባሉት። ፊኛቸው ባዶ ሆኖ ቢተኙ አንጀታቸው ወርዶ ጨረሩን ይቀበላል። እና ተቅማጡን ለመደበቅ የቀነሱት ውኃ ተቅማጡን ይጨምረዋል ማለት ነው። ከዚያ «አልቻልኩም፣ አገሬ መልሱኝ» ይመጣል። 20 ጊዜ የታቀደው ሕክምና 12 ላይ ይቆማል። የጨረር መጠን ተሰልቶ የሚሰጥ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ጨረር ጉዳቱን አስከፍሎ ጥቅሙን ሳይሰጥ የሚቀር ሕክምና ነው።

(አንድ ቀን በበረራ፣ በበዓል ወይም በማሽን ብልሽት ቢዘለል ግን ዓለም አያልቅም። ለባለሙያዎቹ ንገሩ፤ መጨረሻ ላይ ያካክሱታል።)

ስለዚህ ልጆች፣ ከመነሳታቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ በቋንቋቸው ንገሯቸው። «አቦይ፣ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሽንትና ሆድ ሊያስቸግርዎት ይችላል፤ የሚጠበቅ ነው፤ ሲጀምር ይንገሩን» በቃ ይህን ማለት ነው። ማረፊያ ስትፈልጉ የክፍሉን ስፋትና ዋጋ ብቻ አትዩ፤ መጸዳጃ ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ እዩ። ግቢ ውስጥ ያለ የጋራ መጸዳጃ ሌሊት አራት ጊዜ ለሚነሳ ሽማግሌ አይሆንም። ፖፖ ግዙና አልጋ ሥር አስቀምጡ፤ መብራቱን ሳታጠፉ እደሩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሌሊት ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አባት ግን ጨረሩን ከየት ይጨርሳል?

ፍሰቱን ለሚያስቸግር ሽንት ሐኪሞች ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ያዛሉ፤ ብዙዎችን ይረዳል። ግን የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ብለው፣ ቀስ ብለው ይነሱ። ለተቅማጡ ሎፔራሚድ አለ፤ ሐኪሙ ካየ በኋላ። ፈሳሽ ለመተካት ኦ.አር.ኤስ። ለፊንጢጣ ሕመም ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ መቀመጥ፤ ነጻ ነው፣ ይሠራል። ኩላሊታቸው ደካማ ለሆኑ አባቶች ግን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከውጭ የተቀዳ ምክር አይሠራልንም። የፈረንጅ ወረቀት «ብሮኮሊ ቀንሱ» ይላል። የእኛ አባት ብሮኮሊ መች አይቶ ያውቃል! ለእኛ ጥያቄው ሕልበት ነው። ባቄላና ምስር ያለበት፣ በጾም የማይቀር፣ ጣፋጭ ነገር ነው፤ አየር ግን ይፈጥራል። ሽሮና ባቄላም እንዲሁ። አየሩ የሚያስጨንቀን ለሆድ መነፋት ብቻ አይደለም። ፊንጢጣ በአየር ሲነፋ ፕሮስቴቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጨረሩ ደግሞ በሚሊሜትር ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ዘመናዊ ማሽን ያላቸው ቦታዎች በየቀኑ ፎቶ አንስተው ያስተካክላሉ፤ አየሩ ከበዛ ግን «ይውረዱና መጸዳጃ ሄደው ይመለሱ» ይባላሉ። በእነዚያ ሳምንታት ሕልበቱን ቀነስ፣ ባቄላውን ተወት፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ገንፎ፣ በርበሬው የቀነሰ አልጫ። በክረምት የሚሄዱ ከሆነ በለስ ሳጥን ሙሉ ይዘው እንዳይሄዱ፤ በለስ ሲበዛ ሆድ እንደሚያደርቅ የትግራይ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በተቆጣ ፊንጢጣ ላይ ደግሞ ድርቀት ስቃይ ነው። ቡናም ፊኛን ያስቆጣል። እንዲያቆሙ አልልም፤ አቦሉን ይጠጡ፣ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ይተዉ። ስዋው ግን እስኪያገግሙ ይቆይ።

ጾም ከባዱ ነው። ሑዳዴ 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ጨረር ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ሊገጥም ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ አባት ጠዋት ሦስት ሰዓት ማሽን ላይ በሞላ ፊኛ እንዴት ይተኛሉ? ረመዳንም ያው ነው። ሃይማኖታቸውን የሚነካ ነገር ከሐኪም አይቀበሉም፤ መቀበልም የለባቸውም። የንስሐ አባታቸው ጋር ደውሉ፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ኢማሙ ጋር። ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ከእነሱ አፍ ሲሰሙ ነው የሚያምኑት። ይህን የስልክ ጥሪ ከመቀሌ ሳይነሱ አድርጉት፤ ማሽኑ በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ክርክር ጥሩ አይደለም። ጸበልም ከጨረር ጋር አይጣላም፤ ብቻ ሆድ እስኪያጥብ መጠጣቱ በእነዚህ ሳምንታት ይቅር፤ ሲጠመቁም ቆዳቸው ላይ በቀለም የተሰመረ ምልክት ካለ እንዳይፋቅ።

አሁን ያቺን ቁጥር እናንሳት። ሕመሙ ጫፉን የሚነካው ሕክምናው ሊያልቅ ሲልና እንዳለቀ ነው ብለናል። በ20 ቀን የሚያልቅ ጨረር ከሆነ አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። አባታችሁ ታዲያ በዚያ ሳምንት የት ናቸው? አውቶቡስ ላይ። መጨረሻውን ዓርብ ተቀብለው ቅዳሜ ንጋት ላይ ተሳፍረዋል፤ የአልጋና የምግብ ወጪው ስላሳሰባቸው አንድ ቀን መጨመር አይፈልጉም። በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ይጠራቸዋል። ሾፌሩን በየጊዜው አቁም ማለት ያፍራሉ። ይዘውት ይቆያሉ፤ ወይም ከማታ ጀምረው ውኃ አልጠጡም።

አቅም ካለ በአውሮፕላን ይመለሱ፤ አንድ ሰዓት ምናምን ነው። ከሌለ ሳምንት ያህል አርፈው፣ ሕመሙ ረገብ ሲል ይሳፈሩ። ያም ካልሆነ ፊት ለፊት በመተላለፊያው በኩል ወንበር ያዙላቸው፣ ለረዳቱ ቀድማችሁ በጆሮው ንገሩት (ረዳቶች ብዙ ጊዜ ከምታስቡት በላይ ደግ ናቸው)፣ የአዋቂ ዳይፐር አልብሷቸው። «እኔ ሕፃን ነኝ?» ይላሉ። ለመንገድ ብቻ ነው በሏቸው።

መቀሌ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል። ሽንት ያቃጥላል፣ ሆድ ይቆርጣል ብለው ቅርባቸው ያለ ክሊኒክ ይገባሉ። ሽንት ያቃጥላል ከተባለ ሲፕሮ፣ ሆድ ይቆርጣል ከተባለ ሜትሮኒዳዞል፤ ይሄ የለመድነው መንገድ ነው። ሰውየው ከሦስት ቀን በፊት ጨረር እንደጨረሱ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። መድኃኒቱ ይወሰዳል፣ ማቃጠሉ ይቀጥላል፣ «ካንሰሩ ተመለሰ» የሚል ወሬ ቤት ውስጥ ይገባል። ኢንፌክሽን በእርግጥ ሊኖር ይችላል፤ ለዚያ የሽንት ምርመራ ይሠራ፣ ካለ ይታከም። ከሌለ ግን አንቲባዮቲክ የተላጠ ፊኛን አይጠግንም፤ አንዳንዱም ተቅማጡን ያብሰዋል።

እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ታማሚን ከመቀሌ ስንልክ ሪፈር ወረቀት እንጽፋለን፤ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው። ጨረር የሚሰጡ ማዕከላት በመጨረሻው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጡ ምን ይከብዳል? የት አካባቢ ጨረር እንደተሰጠ፣ ስንት ጊዜ፣ ጠቅላላ መጠኑ፣ ያለቀበት ቀን፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ምን እንደሚጠበቅ፣ ምን ሲሆን ወደ ሆስፒታል እንደሚኬድ። ልጆች ደግሞ ይህን ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። በጨዋነት ጠይቁ፤ ግን ሳትቀበሉ አትውጡ። ፎቶ አንሱት፣ ቴሌግራም ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀት ይጠፋል።

ማሽኑና ባለሙያው ካለ፣ ሕመሙም የሚፈቅድ ከሆነ፣ ለሩቅ አገር ሰው አጭሩ ሕክምና ይቅደም የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። በአራት ሳምንት የሚያልቀው ሕክምና ሆድን ቀደም ብሎና ትንሽ በርትቶ ያስቸግር እንጂ በኋላ እኩል ነው፤ ካንሰሩን በመቆጣጠርም ከረጅሙ አያንስም። ለመቀሌ አባት በግማሽ ያነሰ የቤት ኪራይ፣ በግማሽ ያነሰ ናፍቆት ማለት ነው። ውጭ አገር ደግሞ ወደ አምስት ጊዜ ብቻ የወረደ ሕክምና አለ፤ 874 ወንዶችን የያዘው ጥናት የአምስት ዓመት ውጤቱ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል፤ ካንሰሩ ገና ሳይሰራጭ ለተገኘባቸው ሰዎች ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። እሱ ግን በየቀኑ ፎቶ እያነሳ የሚያነጣጥር ማሽንና የሠለጠነ የፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል። «በስንት ቀን ነው? ማሳጠር ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሐኪሙ አይቆጣም። መልሱ አይቻልም ከሆነም ምክንያቱን ይነግራችኋል።

እስካሁን ያወራነው ካንሰሩ ፕሮስቴት ውስጥ እያለ ለመዳን ስለሚሰጥ ጨረር ነው። እኛ አገር ግን ብዙ አባቶች የሚመጡት አጥንት ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ወገባቸውን ይዘው ነው። ለእነሱ የሚሰጠው ጨረር ሌላ ነው፤ ሕመምን ለማስታገስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ፣ 8 ግሬይ። አንድ ቀን መሆኑ ለመቀሌ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ከመሻል ይልቅ ሊብስ ይችላል። በካናዳ የተመራ የ298 ታማሚዎች ጥናት ላይ፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት 35 በመቶ የሚሆኑት ይሄ ገጥሟቸዋል፤ ዴክሳሜታሶን ከወሰዱት ደግሞ 26 በመቶ። መባባሱ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ያልፋል፤ እውነተኛው እፎይታ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየመጣ ነው የሚሄደው። ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ቀን «ይኸው ገደሉኝ» ይላል። ስለዚህ ከጨረሩ በፊት የሕመም ማስታገሻ በእጃችሁ ይኑር፤ ዴክሳሜታሶን ያስፈልግ እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁ። ስኳር ካለባቸው ንገሩት፤ ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ግን መጠበቅ የማይገባቸው ናቸው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ አይደር ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለና ታችኛው ሆድ ከተወጠረ፤ ካቴተር ያስፈልጋል፣ እስከ ጠዋት አይታደርም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ። ሽንት ውስጥ የረጋ ደም ካለ፣ ወይም ከፊንጢጣ ደም እየፈሰሰ ካልቆመ። ተቅማጡ በርትቶ ሲነሱ ካዞራቸው፣ ሽንታቸውም ካነሰ። ካንሰሩ አጥንት ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ እግር መዛል ወይም መደንዘዝ ከመጣ ያ የጨረር የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ ኅብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የአባታችሁን ስምና የምርመራ ወረቀታቸውን ፎቶ ግን አትለጥፉ፤ እሱን በውስጥ መስመር ላኩ። ትግርኛ ለሚቀናቸው አባቶች ደግሞ ቁጭ ብላችሁ እየተረጎማችሁ አንብቡላቸው። ስለ ሽንትና ስለ ሰገራ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሱ አፍራችሁ እንዳትዘሉት።